በጆሮዬ የፈረድኩበት ሰው

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ ደብዳቤ ይሰጠዋል፤ አለቃውም የማያምንበትን ምስጋና ያነብለታል። እኔን ያሰናበተኝ የለም። በዚህች የሐይቅ ዳር ከተማ ፒያሳ የነበረችውን የካሴት ቤቴን በገዛ እጄ ቆልፌ ቁልፉን ለአከራዬ አስረከብኩ። አከራዬ ግድግዳውን ዳሰሰ፣ በሩን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋ፣ ከዚያ "ምንም አላበላሸህም?" አለኝ። አሥራ አራት ዓመት ኪራይ የከፈልኩት ሰው ነው። ወጣቱ ዘፈን በፍላሽና በስልክ ሲቀባበል ለእኔ የቀረ ሥራ አልነበረም።

ስለዚህ ራሴን ራሴ ላመስግን። በዚህ ከተማ ኤሌክትሪክ ጊታር እያስጮኸ ሮክ የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ሌላ ነበረ የሚል ካለ ሰውየውን ያምጣና ጣቱን ያሳየኝ፤ የእኔ ጣቶች ጫፍ እስካሁን እንደ ቀንድ የደረቀ ነው። አስተማሪ አልነበረኝም። በአጭር ሞገድ ሬዲዮ አንድ ዘፈን ሰምቼ ያመለጠኝን ለመያዝ ዘፈኑ ተመልሶ እስኪመጣ ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር እጠብቅ ነበር። ክር ሲበጠስብኝ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈትቼ ከውስጡ ቀጭኗን ዘለላ እወጥራለሁ። ማጉያዬ አሮጌ ሬዲዮ ነበር። ከልኩ በላይ ሳስጮኸው ድምፁ ይሰነጠቅ ነበር፤ ያ የተሰነጠቀ ድምፅ ነው የሮክ ድምፅ። ሌሎች መሣሪያ ገዝተው ያገኙትን እኔ ከብልሽት ነው ያወጣሁት።

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት አራት ሆነን ባንድ አቋቋምን። እኔ ሊድ ጊታር፣ ማቴዎስ ኪቦርድ፣ ሁለት ወንድማማቾች ደግሞ ቤዝና ድራም። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል እንጫወት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ያን የተሰነጠቀ ድምፅ ገና ስለቀው አንድ አስተናጋጅ ትሪውን ጥሎ ሮጠና ገመዱን ነቀለብኝ።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ተቃጠለ እኮ፣ ጋሼ! እሳት ሳይነሳ ልድረስ ብዬ ነው።"

"አልተቃጠለም። ሙዚቃ ነው።"

ይቅርታ ጠይቆ መልሶ ሰካው። ትንሽ ቆሞ ካዳመጠ በኋላ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "እርግጠኛ ነዎት ግን?" አለኝ።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ እረፍት እናስረዝማለን ብሎ ስለሚጠረጥረን ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይጠብቀናል። እኔ ደግሞ ሰዓቱን ወደፊት ይገፋዋል ብዬ ስለጠረጠርኩ የራሴን ሰዓት ገዛሁ። በሁለቱ መካከል የሰባት ደቂቃ ልዩነት ተገኘ። የማን ልክ እንደነበረ ያጣራ የለም፤ የእኔ ነበረ። እንግዳው የሚፈልገው የሠርግ ዘፈን ስለሆነ ሮኩን በሠርግ ዘፈን መሃል እየሸሸግኩ ሦስት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ ሆቴሉ ከበሮውም ቤዙም ውስጡ ያለበት ኪቦርድ የያዘ አንድ ሰው ቀጠረና አራታችንንም አሰናበተን። ከዚያ ወዲህ ኪቦርድ የያዘ ሰው ሳይ ደስ አይለኝም።

ወደ ስቱዲዮ ሥራ ያስገቡኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። የቀድሞው ጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ክላርኔት ነፊ ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን መሃል ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ግድግዳዋን በፍራሽ ሸፍነው ስቱዲዮ አደረጓት። ክፍያው ትንሽ ነበር፤ እሱን ልተወው። ያየሁትን ልማዳቸውን ግን በደንብ ልጻፍ፤ ዛሬ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው አቀናባሪ ነን የሚሉት ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል።

ጋሽ ደምሴ የሚቀዱት ጧት ብቻ ነበር። ወደ ማታ መብራቱ ስለሚደክም መሣሪያው አይታመንም ይሉ ነበር። ጋሪ ሲያልፍ የፈረሱ ቃጭል እስኪርቅ እጃቸውን አንስተው ሁላችንንም ያስቆሙናል። በሸሚዛቸው ኪስ ሲመቷት አንድ ድምፅ ብቻ የምትሰጥ የመቃኛ የብረት ሹካ አለች፤ ማንም ሰው ምንም ሳይጫወት በፊት ጉልበታቸው ላይ መትተው ጆሯቸው ሥር ይይዟታል። ድምፅ ሲያመጣጥኑ ለስፒከሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡና ድምፁን ሊጠፋ እስኪል ዝቅ ያደርጉታል። ዘፋኙ ጠፍቶ ከበሮው ከተሰማ ከበሮው በዝቷል ማለት ነው። ከሰው የተጣሉ ዕለት ደግሞ ጨርሶ አያዳምጡም። አንድ ጊዜ ከዲላ ድረስ የመጣ ዘፋኝ፣ "ዛሬ ከባለቤቴ ተጣልቼ ነው የወጣሁት። ዛሬ ብሰማህ እበድልሃለሁ፤ ነገ ና" ብለው መለሱት። የተጠናቀቀ ሥራ ሲኖር ደግሞ ካሴቱን ይዘው ጎረቤት ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደው በእሱ አሮጌ ቴፕ እንደገና ይሰሙታል። ይህችን የመጨረሻዋን ልማድ ሰፈሩ እንዲሰማላቸው የሚያደርጓት ይመስለኝ ነበር።

በአንድ ዓመት ሁሉንም ተማርኩ። በሁለተኛው ዓመት በልጫቸው ነበር፤ እሳቸውም ያውቁታል፣ አልተናገሩትም እንጂ። ከዚያ ፒያሳ የራሴን ካሴት ቤት ከፍቼ ፕሮዲዩሰር ሆንኩ። ዘፋኝ መምረጥ፣ ዜማ ማስወጣት፣ ተጫዋች ማሰባሰብ፣ ቀረጻውን መምራት፣ ማስተሩን አዲስ አበባ ወስዶ ማሳተም፣ ሁሉም በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። ማስተር የምንለው የተጠናቀቀውን ዋና ቅጂ ነው፤ ሌላው ካሴት ሁሉ ከእሱ ይባዛል። ሠርግ ላይ በአጋጣሚ ሰምቼ ያወጣኋቸው ሁለት ዘፋኞች ዛሬ ስማቸው ትልቅ ነው። ሰላም አይሉኝም። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

የሕይወቴ ሥራ የሰናይት ካሴት ነበር። ሰናይት የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ድምጿ ወፍራም ሆኖ ጫፉ ላይ የሚሰነጠቅ ነው፤ ልክ እንደ ጊታሬ። የአማርኛ ዘፈን ሳይሸሸግ በሮክ እንደሚሄድ ላሳይበት ቆረጥኩ። ኪቦርዱን ከማቴዎስ በቀር የሚችለው አልነበረም። ማቴዎስ ግን በዚያን ጊዜ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ በቤተ ክርስቲያኑም የመዘምራኑ፣ የኳየሩ፣ ኪቦርድ ተጫዋች ሆኖ ነበር። የኳየር አገልጋይ ደግሞ ዓለማዊ ዘፈን አይጫወትም። ስለ ጉዳዩ ለመነጋገር ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወስጄ ዓሣ ጋበዝኩት።

"ዓሣው ጥሩ ነው" አለ። "ስለዚህ የምትጠይቀኝ ነገር መጥፎ ነው።"

"አንድ ካሴት ብቻ።"

"ታዴ፣ እኔ እኮ ትቻለሁ።"

"ጣትህም ትቷል?"

ሳቀ። እጁን ታጠበና ቆይቶ፣ "ለዘፈኑ ብዬ አይደለም፣ ለአንተ ብዬ ነው። ስሜ ግን ሽፋኑ ላይ እንዳይወጣ። ጊዜው ሲደርስ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ራሴ እነግራቸዋለሁ" አለኝ። እሺ አልኩ። በልቤ ግን፣ ስሙን የሚደብቅ ሰው ሌላስ ምን ይደብቃል እያልኩ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

በዚያ ዘመን ፕሮዲዩሰርን እንቅልፍ የሚነሳው ነገር አንድ ነው፤ ካሴቱ ገበያ ሳይወጣ አንድ ሰው ቅጂ አሾልኮ መናኸሪያ ላይ መሸጡ። ለማሳተም ከመሄዴ በፊት ለአራት ሰው ቅጂ መስጠት ነበረብኝ፤ ለሰናይት፣ ለማቴዎስ፣ ለጋሽ ደምሴና አዲስ አበባ ላለው አከፋፋይ። አራቱንም ጠረጠርኳቸው። እናም ማንም ያላስተማረኝን ዘዴ ፈጠርኩ። የመቅጃ ዴኬን ጀርባ ከፍቼ የሞተሩን ፍጥነት የምትወስነውን ብሎን በካቻቢቴ በጣም ትንሽ እያዞርኩ አራቱን ቅጂ ቀዳሁ፤ ፍጥነቱ ሲለወጥ ድምፁ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። አንዱ ልክ ነው፣ አንዱ በፀጉር ያህል ይቀጥናል፣ አንዱ ከእሱ ትንሽ ይበልጥ፣ አንዱ ደግሞ በፀጉር ያህል ይወፍራል። ተራ ጆሮ አይለየውም። እኔ ግን እንደ ጋሽ ደምሴ የገዛኋትን ሹካዬንና ጊታሬን ይዤ እለየዋለሁ። ብሎኑን ወደ ልኩ መልሼ፣ የትኛው ለማን እንደተሰጠ ጽፌ ኪሴ አደረግኩ።

ካሴቱ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መናኸሪያ በር ላይ ሰናይት ስትዘፍን ሰማሁ። አንድ ጋሪ ላይ፣ ከዚያ ማዶ ሌላ ጋሪ ላይ፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ሱቅ ውስጥ። ከየቦታው ገዛሁ፤ ከእጃቸው የነጠቅኩትም አለ። አንድ ካርቶን ሞላ። ቤቴ ገብቼ ከካርቶኑ አንዱን አውጥቼ አጫወትኩ። ሹካዋን መታሁ፣ ጊታሬን ቃኘሁ፣ አብሬ ተጫወትኩ። በፀጉር ያህል የሚቀጥነው ነበር፤ የማቴዎስ ቅጂ።

እውነቱን ልናገር። ተናደድኩ፤ ግን ደግሞ ደስ አለኝ። ዘዴዬ ሠርቷል። ካርቶኑን ዘግቼ አልጋ ሥር አስገባሁት።

በዚያው ቀን ሄጄ ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው። ሰሙኝና፣ "በሌላ ቴፕ አጫወትከው?" አሉኝ።

"ለምን አጫውታለሁ? ጆሮዬን ተጠራጠሩት?"

"ጆሮህን አይደለም። ዛሬ ተናደሃል። የተናደደ ሰው ይቆያል።"

"ቅጂ እኮ እርስዎም ዘንድ አለ፣ ጋሽ ደምሴ" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ተነስተው ካሴቱን ከመደርደሪያ አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና በሩን ከፈቱልኝ። ከዚያ በኋላ በሕይወታቸው ሌላ ሥራ አላሰሙኝም።

በማግሥቱ ጧት ማቴዎስን ፒያሳ እኔም እሱም የምናዘወትረው ካፌ ውስጥ አገኘሁት። ወደ ቢሮ ከመግባቱ በፊት ማኪያቶ እየጠጣ ነበር። ሳልቀመጥ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ ተናገርኩ።

"ስንት ተከፈለህ?"

"ለምኑ?"

"ለሰናይት ካሴት! ሌባ! አብረኸኝ ዓሣ በልተህ ሰረቅኸኝ!"

ከእሱ ጋር ኳየር የሚያገለግሉ ሁለት ሰዎች ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አይቻቸዋለሁ፤ አይቼም አልተውኩም። ማቴዎስ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"በምን አወቅህ?"

"በጆሮዬ።"

"ጆሮህ ስሰርቅ አየኝ?"

ከአንዱ ጠረጴዛ ሰው ሳቀ። ይህ ይበልጥ አናደደኝና "ሌባ" የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ማቴዎስ ማኪያቶውን ሳይጨርስ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ማንም ሳይጠይቀው ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ ካሴቱ ላይ መጫወቱን ነገራቸው። ለጥቂት ወራት ከአገልግሎት እንዲያርፍ ነገሩት። ይህን ተቀብሎ ነበር። ነገር ግን ከካፌው የወጣው ቃል ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሰረቀ የተባለ ሰው፣ ጓደኛውን የሸጠ የተባለ ሰው፣ እንዴት ተመልሶ ሕዝብ ፊት ይቀመጣል? አልሰረቅሁም አለ፤ አልሰረቀም የሚልለት ሰው አልተገኘም። ጥቂት ወሩ ሰባት ዓመት ሆነ። ባለቤቱ መንገድ ላይ ስታየኝ ትሻገራለች። እኔም የእጁን አገኘ እል ነበር።

የሰናይት ካሴት ሲወጣ የሚገዛው አልነበረም፤ ሁሉም ሰምቶት ነበር። ሰናይት ወደ አባቷ ሱቅ ገባች፤ ዛሬም ጨርቅ ስትለካ አያታለሁ። ሁለተኛ በሮክ ላሠራ የሞከርኩት ዘፋኝ የለም።

ወደ ሱቄ መዘጋት ልመለስ። ዕቃ ስሸጥ ዴኬን የሚገዛ ሰው መጣና "አጫውተህ አሳየኝ" አለ። በእጄ የቀረ ካሴት ስላልነበረ ያን ካርቶን ከቤት አስመጣሁ። አንዱን ከተትኩ፤ ሰናይት ዘፈነች። ሌላውን ከተትኩ፤ ሰናይት ወፍራ ዘፈነች። ዴኩ የተበላሸ መሰለኝ። መልሼ የመጀመሪያውን ከተትኩ፤ ቀጠነች። ሰውየው "ይሠራል፣ ልክፈልህ" ይለኛል፣ እኔ አልሰማውም። ሹካዬን አወጣሁ። ሦስተኛው ካሴት ከጋሽ ደምሴ ቅጂ ጋር አንድ ሆነ። አራተኛው እኔ ከቀዳኋቸው ከአራቱም ጋር አይገጥምም። አምስተኛው ከማቴዎስ ቅጂ እንኳ በግማሽ ድምፅ ይቀጥናል።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። መናኸሪያ አካባቢ ካሴት የሚያባዛው ሁሉ የየራሱ ማሽን አለው። የአንዱ ቺንጋ ላልቷል፣ የአንዱ ሞተር ይፈጥናል፣ አንዱ ማታ መብራት ሲደክም ይቀዳል። እኔ በካቻቢቴ ያዞርኳት ፀጉር የምታህል ልዩነት በእነዚያ ማሽኖች ውስጥ ካለፈች በኋላ ምንም አትናገርም። የሰማሁት የአባዢውን ማሽን እንጂ የሰጪውን እጅ አልነበረም። ካርቶን ሙሉ ካሴት ይዤ አንዱን ብቻ ያጫወትኩት፣ እሱ የምፈልገውን ስለነገረኝ ነው። ልብስ ሰፊው ዘንድ የሚሄዱት ጋሽ ደምሴ ይህን ያውቁ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን በሕይወት አልነበሩም።

ሦስት ቀን ራሴን ስከላከል ቆየሁ። ቢሆንም እሱ ሊሆን ይችላል፣ አልኩ። አልሰረቀም የሚል ማስረጃም እኮ የለም፣ አልኩ። በአራተኛው ቀን ማቴዎስ ቤት ሄድኩ። በሩን ራሱ ከፈተ፤ ግባ አላለኝም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ብሎኑን፣ ካርቶኑን፣ ሁሉንም። ይቅርታም ጠየቅኩት።

"ይህን ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?" አለ። "እንዳልሰረቅሁ እኔ ከመጀመሪያው አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ሌባ ነው ስትል ለሰሙት ንገራቸው።"

እሑድ ከሰዓት አምልኮ ካለቀ በኋላ ቴፔንና ሦስት ካሴት በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ሦስት ሽማግሌዎች በቢሯቸው ተቀምጠዋል፤ ማቴዎስ ግድግዳው ሥር ነው፤ በካፌው ውስጥ የነበሩትም ሁለት የኳየር ሰዎች ተጠርተዋል። እኔ በዚህ ከተማ ለሙዚቃ ጥያቄ ሁሉ እጠራ የነበርኩ ሰው ሰባት ዓመት ተሳስቼ እንደኖርኩ ለማስረዳት ቆምኩ። እንደ ሥራዬ አድርጌ ብዙ ማብራራት ጀመርኩ። ትልቁ ሽማግሌ አቋረጡኝ።

"ወንድም ታደሰ፣ አጫውተውና እንስማ።"

ዓለማዊ ዘፈን በዚያ ቢሮ ተጫውቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። የመጀመሪያውን ጥቂት አሰማሁ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ያው አንድ ዘፈን፣ አንድ ቦታ ላይ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ አንድ ጆሮዬ አይሰማም" አሉ፤ "በቀረው ግን ሦስቱ የተለያዩ መሆናቸውን ሰምቻለሁ። ይህን ለመስማት ሰባት ዓመት ፈጀብህ?"

"ፈጀብኝ።"

"እና ማን ሰረቀው?"

አፌ ላይ ሦስት ስም መጣ። አከፋፋዩ፤ ሰውየው ሲያናግርህ ዓይንህን አያይም። የሰናይት ወንድም፤ በዚያው ሰሞን አዲስ ቴፕ ገዝቶ ነበር። ጋሽ ደምሴም ቢሆኑ ካሴት እየያዙ ልብስ ሰፊ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ለእያንዳንዱ በቂ ምክንያት አለኝ፤ አሁንም አለኝ።

"አላውቅም" አልኩ። "ማቴዎስን ሌባ ያልኩት ግን ምንም ሳላውቅ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው።"

ከኳየሩ ሰዎች አንዱ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው የተናገርኩትን በሚቀጥለው እሑድ ለጉባኤው ራሳቸው እንደሚናገሩ፣ ማቴዎስም ከፈለገ ወደ ቦታው እንደሚመለስ ነገሩን። ማቴዎስ ግን የዘፈኑን ድምፅ ነበር የሚያዳምጠው፤ ቴፑን ማጥፋት ረስቼ ነበር። የሰናይት ካሴት ለካ ከዚያ ከካፌው ጧት ጀምሮ በጆሮው አልገባም።

ዕቃዬን ሰብስቤ ስወጣ እስከ ግቢው በር ሸኘኝ። ደስ ብሎኝ፣ አሁን ያመሰግነኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"ታዴ" አለኝ፣ "አራተኛው ዘፈን ላይ ጊታርህ ከቅኝቱ ዝቅ ብሏል።"

"የማን ጊታር?"

"ያንተ። ስንቀዳም ሰምቼዋለሁ።"

"ያኔ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ታምነኝ ነበር?"

ተመልሶ ገባ። እኔ ቤቴ ሄጄ አራተኛውን ዘፈን ከማስተሩ ላይ ሦስት ጊዜ አጫወትኩት። ለእኔ ጆሮ ልክ ነው። ማቴዎስ ዝቅ ብሏል ካለ ግን ዝቅ ብሏል።